«ነጻ» ማለት ለማን ነጻ? ስለ ክፍት ሶፍትዌር ፈቃዶች የቀረበ ሂስ

በተማሪዎች መካከል ስለ ኮምፒዩተር ክርክር በተነሣ ቍጥር ሁለት ወገኖች አይጠፉም። አንደኛው ወገን «ሊኑክስ ይሻላል፥ ዋጋ አይጠየቅበትምና» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዊንዶውስንስ ቢሆን ከመካከላችን ዋጋ ከፍሎ የሚጠቀምበት ማን አለ?» ብሎ ይመልሳል፤ ሁሉም ይሥቅና ክርክሩ በዚሁ ያበቃል። እኛም ከሣቂዎቹ መካከል ነበርን። ቈይተን ስናስበው ግን መልሱ ማሣቁ ብቻ ሳይሆን እውነትም ያለበት ሆኖ አገኘነው፤ ይኸውም ያለ ፈቃድ የተገለበጠ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት ቦታ «ይህኛው ያለ ገንዘብ ይገኛል» የሚለው ምክንያት ማንንም የማያሳምን መሆኑ ነው። እንግዲህ ክፍት የተባለው ሶፍትዌር ከሌላው የሚለይበት ነገር ካለ፥ ልዩነቱ ከዋጋው ሌላ በሆነ ነገር መሆን አለበት። ያ ነገር የሚገኘው ከፕሮግራሙ ጋራ ተያይዞ በሚሰጠው የፈቃድ ጽሑፍ ውስጥ ነው፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚከራከር ሰው ግን እስካሁን አልገጠመንም።

ስለዚህ በዚህ አጭር ጥናት ሁለቱን ዋና ዋና ፈቃዶች፥ ማለት «ጂ.ፒ.ኤል.» እና «ቢ.ኤስ.ዲ.» የተባሉትን፥ እንደ ማናቸውም ጽሑፍ አንብበን ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚከለክሉ፥ በየበኩላቸው የቆሙት ሰዎችም የሚሰጡት አስተያየት ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለመመርመር ዐስበናል። የሕግ ተማሪዎች ስላልሆንን ስሕተት ቢገኝብን መምህራኖቻችን እንዲያርሙን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ፕሮግራም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ሰው የሚጽፈውና የሚያነበው፥ ሶርስ ኮድ የሚባለው ነው። ሁለተኛው ከዚያ ተተርጕሞ ማሽኑ የሚሠራበት መልክ ነው። ሁለተኛውን ብቻ የያዘ ሰው በፕሮግራሙ ይገለገላል እንጂ፥ እንዴት እንደ ተሠራ በቀላሉ ሊያውቅ ወይም ጕድለቱን ሊያርም አይችልም። የክርክሩ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

1ኛ. ነገሩ ከመማሪያ ክፍል ስለ መነሣቱ

ብዙ ሰው ይህን ጕዳይ የነጋዴዎች ጠብ አድርጎ ያየዋል። የታሪኩን አካሄድ ስንከተል ግን ከመነሻው አንሥቶ የተማሪና የመምህር ጕዳይ ሆኖ እናገኘዋለን።

ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ ተጀመረ። የላቦራቶሪው ባለቤት የነበረው ኤ.ቲ.ኤንድ ቲ. የተባለው የቴሌፎን ኩባንያ በ1956 ከመንግሥት ጋራ ባደረገው የፍርድ ቤት ስምምነት ከቴሌፎን ሥራ ውጭ በሆነ ንግድ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለ ነበር፥ ዩኒክስን ለዩኒቨርሲቲዎች በጥቂት ዋጋ ከነሶርስ ኮዱ ይሰጣቸው ነበር። በአውስትራሊያ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ጆን ላየንስ በ1970ዎቹ አጋማሽ የስድስተኛውን እትም ኮድ ከነትርጓሜው ለተማሪዎቻቸው አዘጋጁ። ተማሪዎቹም አንድ እውነተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መስመር በመስመር እያነበቡ ለመማር ቻሉ።

በ1979 ሰባተኛው እትም ሲወጣ ግን ኮዱ በክፍል ውስጥ ማስተማሪያ እንዳይሆን በፈቃዱ ተከለከለ። የላየንስ መጽሐፍም ለብዙ ዓመት በፎቶ ኮፒ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖረ፤ ለሕዝብ በይፋ የታተመው በ1996 ነው። በአምስተርዳም ያስተምሩ የነበሩት አንድሩ ታነንባውም በዚህ ክልከላ ምክንያት ለተማሪዎቻቸው የሚሆን ሚኒክስ የተባለ ትንሽ ሲስተም ራሳቸው ጽፈው በ1987 ከመማሪያ መጽሐፋቸው ጋራ አወጡ። ይኸው ሲስተም ኮዱ ይነበብ እንጂ እንደ ልብ ተለውጦ ለሌላ አይታደልም ነበር። መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1991 ዛሬ ሊኑክስ የምንለውን ጀመረ። እርሱም ቢሆን በመጀመሪያ ሥራውን ማንም እንዳይነግድበት ከልክሎ ነበር፤ በ1992 ግን ይህን ፈቃድ ትቶ በጂ.ፒ.ኤል. ለወጠው።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። ከ1979 በፊትም ከ1979 በኋላም ኮዱ ያው የሰው እጅ ሥራ ነበር፤ መምህሩም ተማሪውም እዚያው ነበሩ። የተለወጠው በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቃል ብቻ ነው። ያም ቃል አንድን ትምህርት ከክፍል አስወጥቶ በድብቅ የሚገለበጥ ነገር አደረገው። እንግዲህ «ፈቃድ የጠበቆች ጕዳይ ነው፥ እኛን አይመለከተንም» የሚለው የብዙ ተማሪዎች አስተያየት መሠረት የለውም።

2ኛ. ስለ ጂ.ፒ.ኤል.

ጂ.ፒ.ኤል.ን የደረሰው ሪቻርድ ስቶልማን ነው። በኤም.አይ.ቲ. የሰው ሠራሽ አእምሮ ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው በ1983 «ግኑ» የተባለ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሲስተም እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ1985ም የነጻ ሶፍትዌር ድርጅትን አቋቋመ። የፈቃዱ አንደኛ እትም በ1989፥ ሁለተኛው በ1991፥ ሦስተኛው በ2007 ወጥቷል። እኛ በተለይ የመረመርነው ሁለተኛውን ነው፤ ሊኑክስ እስከ ዛሬ የሚተዳደረው በእርሱ ነውና።

የጽሑፉ ትልቁ ብልኀት እንዲህ ነው። የደራሲ መብት ሕግ በተለመደው አሠራር «አትገልብጥ» ለማለት የሚያገለግል ነው። ስቶልማን ይህንኑ ሕግ ሳያፈርስ አቅጣጫውን አዞረው፤ «ገልብጥ፥ ለውጥ፥ ብትሻም ሽጥ፤ ነገር ግን ለውጠህ ለሌላ ስትሰጥ አንተ የተቀበልከውን መብት ሁሉ ለዚያ ሰው ከነሶርስ ኮዱ ስጠው» የሚል ትእዛዝ አደረገበት። ነገሩ በወንጌል ሐዋርያት ያለ ዋጋ የተቀበሉትን ያለ ዋጋ እንዲያካፍሉ የታዘዙትን ያስታውሳል፤ ነገር ግን ልዩነት አለው። ፈቃዱ ቅጂውን መሸጥን አይከለክልም፤ የሚከለክለው የገዛው ሰው ደግሞ እንዳይገለብጥና እንዳይመረምር ማድረግን ነው። ሶርስ ኮድ ማለትም ፕሮግራሙን ለመለወጥ የሚመረጠው መልክ እንደ ሆነ በግልጽ ስለ ደነገገ፥ የማይነበብ ነገር ሰጥቶ «ሰጥቻለሁ» ለማለት መንገዱን ዘግቷል። በኛ አስተያየት ከጽሑፉ ሁሉ በጣም የታሰበበት ይህ ነው።

በ2001 በጊዜው የማይክሮሶፍት ሥራ አስኪያጅ የነበረው ስቲቭ ባልመር ሊኑክስን በነቀርሳ መስሎት ነበር፤ የነካውን ሁሉ ይበክላል ለማለት ነው። ጽሑፉን አንብቦ የሚፈርድ ሰው ግን ነቀፋው ከልክ ያለፈ ሆኖ ያገኘዋል። ፈቃዱ በፕሮግራሙ የሚገለገለውን ሰው ምንም ግዴታ አያስገባውም። በዚህ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ወይም የተሠራ ሒሳብ የባለቤቱ ነው። ግዴታው የሚመጣው የሌላውን ኮድ ከራሱ ጋራ ቀላቅሎ ለሦስተኛ ሰው በሚሰጠው ላይ ነው፤ ይህም የሌላ ሰው እህል ከእህሉ ጋራ አስፈጭቶ «ዱቄቱ ሁሉ የብቻዬ ነው» እንዳይል ከመከልከል የተለየ አይደለም።

ቃሉ በወረቀት ብቻ እንዳልቀረም ማስረጃ አለ። በ2003 ሊንክሲስ በተባለ ስም ይሸጥ የነበረ አንድ የቤት ራውተር ውስጡ ሊኑክስ መሆኑ ታወቀና ኩባንያው ኮዱን እንዲያወጣ ተጠየቀ፤ አወጣውም። ከዚያ ኮድ ተነሥተው ፈቃደኞች ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለውን ሥራ ጀመሩ፤ እርሱም ዛሬ በልዩ ልዩ ራውተሮች ላይ ይሠራል። በጀርመን የሙኒክ ፍርድ ቤት በ2004 ጂ.ፒ.ኤል. የሚጸና መሆኑን ፈረደ። በአሜሪካም የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2008 በሌላ ክፍት ፈቃድ ላይ በቀረበ ክስ፥ እንዲህ ያለውን ግዴታ የጣሰ ሰው በደራሲ መብት ሕግ ሊጠየቅ እንደሚችል ወሰነ።

ይህን ካመሰገንን ጕድለቱንም መናገር ይገባናል። በመጀመሪያ ደረጃ ግዴታው ሁሉ የተንጠለጠለው «ቅጂ ሲሰጥ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ፕሮግራሙን ለውጦ በራሱ ማሽን ላይ አስቀምጦ ሰውን በኢንተርኔት የሚያገለግል ኩባንያ ለማንም ቅጂ ስለማይሰጥ ምንም ግዴታ የለበትም። በ1991 ይህ ጥቂት ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን የኮምፒዩተር አገልግሎት ትልቁ ክፍል እንዲህ ያለ ሆኗል። ለዚህ የተዘጋጀው «ኤ.ጂ.ፒ.ኤል.» የተባለው ፈቃድ ቢኖርም ሊኑክስ በእርሱ ውስጥ የለም። በሁለተኛ ደረጃ አንድ ፋብሪካ ኮዱን እየሰጠ፥ ዕቃውን ግን የተለወጠ ፕሮግራም እንዳይቀበል አድርጎ ሊቈልፈው ይችላል። ቲቮ የተባለው የቴሌቪዥን መቅረጫ ይህን አደረገ። ሦስተኛው እትም ይህን ቀዳዳ ደፍኗል፤ ቶርቫልድስ ግን «እኔ የምጠይቀው ኮዱ እንዲመለስልኝ ነው፥ በሰው ዕቃ አላዝም» በሚል አሳብ አልተቀበለውም። የእርሱ አቋም ለጸሐፊው የሚያስብ ነው፤ ዕቃውን ገዝቶ የተቈለፈበትን ሰው ግን ይረሳል።

3ኛ. ስለ ቢ.ኤስ.ዲ.

ይህ ፈቃድ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከበርክሌይ የወጣ ነው። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚጠይቀውም የደራሲዎቹ ስም እንዳይፋቅ፥ ስማቸው ያለ ፈቃዳቸው ለማስታወቂያ እንዳይውልና ጕዳት ቢደርስ እንዳይጠየቁ ነው። በቀድሞው እትም በየማስታወቂያው የዩኒቨርሲቲው ስም እንዲጠቀስ የሚያዝ አንቀጽ ነበረበት፤ ይህም በ1999 ተሰረዘ። ከዚህ በቀር የወሰደው ሰው ኮዱን ለውጦ ቢዘጋው አይከለከልም።

በዚህ በኩል የቆሙት ሰዎች «ግዴታ ያለበት ስጦታ ነጻ ስጦታ አይደለም» ይላሉ። ንግግሩ ቀላል አይደለም። ጽሑፉም አጭርና ግልጽ በመሆኑ ማንም ተማሪ በአምስት ደቂቃ አንብቦ ይረዳዋል፤ ስለ ጂ.ፒ.ኤል. ይህን ለማለት አይቻልም። ፍሬውም ብዙ ነው። የአፕል ኮምፒዩተሮች ኦፐሬቲንግ ሲስተም በከፊል ከዚህ ኮድ የተሠራ ነው፤ የሶኒ ፕሌይስቴሽን 4ም ከፍሪ ቢ.ኤስ.ዲ. የወጣ ነው።

ዳሩ ግን ጥያቄያችን «ነጻነቱ ለማን?» የሚል ነው። የበርክሌይ ፈቃድ ነጻ የሚያደርገው ሁለተኛውን እጅ፥ ማለት ከደራሲው የሚቀበለውን ነው። ፕሌይስቴሽኑን የገዛው ልጅ ሦስተኛው እጅ ነው፤ ለእርሱ ግን የቀረው የደራሲዎቹ ስም ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዕቃውን ሊከፍተውና ሊመረምረው አይችልም። ጂ.ፒ.ኤል. ከሁለተኛው እጅ ጥቂት ይወስድና ለሦስተኛው፥ ለአራተኛው፥ እስከ መጨረሻውም ይሰጣል። እንግዲህ ሁለቱ ወገኖች አንዱ ነጻነትን የሚወድ፥ ሌላው የማይወድ አይደሉም፤ በወረፋው ላይ የሚያዩት ሰው ይለያያል እንጂ። ጠንካራው በሚያዋጣበት ቦታ ሁለተኛው እጅ ሁልጊዜ ኩባንያ ነው፤ ተማሪው የሚቆመው ከኋላ ነው። ስለዚህ እኛ በበኩላችን ወደ ጂ.ፒ.ኤል. እናዘነብላለን።

4ኛ. «ክፍት» ስለሚለው ስያሜ

በእንግሊዝኛ «ፍሪ» የሚለው ቃል «ያለ ዋጋ»ም «ነጻነት ያለው»ም ማለት ስለ ሆነ ነጋዴዎችን ያደናግራል ተብሎ በ1998 ዐዲስ ስያሜ ወጣ፤ «ኦፕን ሶርስ» ተባለ። የእኛም ቋንቋ ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ «በነጻ አገኘሁት» የሚልና «ነጻ ወጣሁ» የሚል ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይናገራሉ። በመግቢያችን የጠቀስነው ክርክር በሣቅ የሚያበቃው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የዐዲሱ ስያሜ ደጋፊዎች ስለ መብት ብዙ ከመናገር ይልቅ ስለ ጥራት መናገርን መረጡ፤ ብዙ ዐይን የሚያየው ኮድ ጕድለቱ ቶሎ ይገኛል አሉ። በአንድ ወገን ሲታይ ቀንቷቸዋል፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ከታወቁት 500 ታላላቅ ሱፐር ኮምፒዩተሮች ሁሉም በሊኑክስ ይሠራሉ። አይ.ቢ.ኤም. በ2019 ሬድ ሃትን በ34 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ነቀርሳ ሲል የነበረው ማይክሮሶፍትም በ2018 የክፍት ኮድ ማኅደር የሆነውን ጊትሀብን ገዛ።

ነገር ግን «ክፍት መሆን የሚጠቅመው ጥራት ስለሚያመጣ ነው» ያለ ሰው፥ የተዘጋው በጥራት የበለጠ ዕለት ምን ሊመልስ ነው? ደግሞም ዐይን ሊያይ መቻሉና ማየቱ ልዩ ልዩ ነው። ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. በተባለው የምስጢር መጠበቂያ ኮድ ውስጥ በ2014 የተገኘው ታላቅ ጕድለት በሁሉ ሰው ፊት ሁለት ዓመት ያህል ሳይታይ ኖሮ ነበር። በ2024 ደግሞ ኤክስ ዜድ በተባለች ትንሽ የመጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተተከለ የጀርባ በር ተገኘ። የተገኘውም አንድ መሐንዲስ ወደ ማሽኑ ሲገባ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ስለ ተከታተለ ነው። ተንኰለኛው ሊገባ የቻለው ያችን ፕሮግራም በትርፍ ጊዜው ብቻውን ይጠብቅ የነበረውን ሰው ድካም አይቶ፥ «ላግዝህ» እያለ ለረጅም ጊዜ እምነቱን በመግዛት ነበር።

ይህ የሁለቱንም ፈቃዶች የጋራ ጕድለት ያሳያል። ሁለቱም ስለ መውሰድ በዝርዝር ይናገራሉ፤ ስለ መጠበቅ ግን ዝም ይላሉ። ምንጩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ማን እንደሚጠርገው ግን አልተጻፈም። ከ2018 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ሞንጎ ዲቢ፥ ኢላስቲክ፥ ሃሺኮርፕና ሬዲስ የተባሉት ድርጅቶች «ትልልቆቹ ኩባንያዎች በሥራችን ያተርፉበታል፥ ለእኛ ግን አይመልሱም» እያሉ ፈቃዳቸውን ማጥበባቸው ከዚሁ የመጣ ነው። ቅሬታቸው እውነት ቢኖረውም መድኀኒቱን ግን አንቀበለውም፤ ከሌላ ሰው ጋራ በክፍት ቃል የተሠራን ሥራ ከተወደደ በኋላ ማጥበብ ደጁን ሰው ከገባ በኋላ እንደ መዝጋት ነው። ይሁን እንጂ ኢላስቲክ በ2024፥ ሬዲስም በ2025 ኤ.ጂ.ፒ.ኤል.ን ጨምረው በከፊል መመለሳቸው መነገር አለበት።

5ኛ. ወደ እኛ ሲመለስ

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር አንድ የሚነካንን ነገር እናንሣ። የግእዝ ፊደል በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ በየኮምፒዩተሩ አንድ ቍጥር ካገኘ በኋላ፥ መልኩን የሚሥሉ ፎንቶች ያስፈልጉት ነበር። ከነዚህም መካከል አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. የተባለው ፎንት «ኦ.ኤፍ.ኤል.» በሚባል ክፍት የፎንት ፈቃድ የወጣ ነው። ይህ ፈቃድ መገልበጥን፥ መለወጥንና ማደልን ይፈቅዳል፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥን ግን ይከለክላል፤ የለወጠውም ሰው ደራሲው ለራሱ ባስጠበቀው ስም እንዳይጠራው ያዛል።

ይህን ስናነብ የብራና መጻሕፍቶቻችን ትዝ አሉን። በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሚሰርቅና የሚፍቅ ሰው እንዲወገዝ ተጽፎ ይገኛል። የሚገለብጠው ግን አልተወገዘም፤ እንዲያውም መጽሐፍ ከአገር ወደ አገር የተዳረሰው በመገልበጥ ነው። መስረቅ ሌላውን ማሳጣት ነው፤ መፋቅ የሰጠውን ሰው ስም ማጥፋት ነው። መገልበጥ ግን ማብዛት ነው። አባቶቻችን ስለ ሶፍትዌር ዐሰቡ ማለታችን አይደለም፤ ልዩነቱን ግን ያውቁ ነበር።

በመጨረሻም በመግቢያው ወደ ሣቅነው ሣቅ እንመለስ። ጂ.ፒ.ኤል. የቆመው በደራሲ መብት ሕግ ላይ መሆኑን አይተናል። እንግዲህ የዊንዶውስን ፈቃድ ንቆ የተሰበረ ቅጂ የሚይዝ ሰው፥ ነገ አንድ ኩባንያ የሊኑክስን ኮድ ወስዶ ቢዘጋው «ሕግ ጣስህ» ለማለት በምን አፉ ይናገራል? ሁለቱም የሚጠበቁት በአንድ ሕግ ነውና። ይህን የምንጽፈው ንጹሓን ሆነን አይደለም፤ ይህ ጽሑፍ ራሱ የተጀመረው ፈቃድ በሌለው ፕሮግራም ላይ ነበር፤ ያለቀው ግን በሌላ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። የትምህርት ጓደኞቻችን «የትኛው ይሻላል» ብለው ከመከራከራቸው በፊት የአንዱን ፈቃድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንብቡ። መምህራኖቻችንም ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲያስተምሩ ከሥዕልና ከሐተታ ሌላ፥ ከሊኑክስ ኮድ አንድ ምዕራፍ እንኳ ቢሆን መስመር በመስመር ያስነብቡን። በ1979 ለሌሎች ተማሪዎች የተከለከለው ነገር ለእኛ ተፈቅዶ ተቀምጧል። ካላነበብነው ግን ክፍት መሆኑ ለእኛ ከመዘጋት አይለይም።